ያልራሰው ስልቻ

ብር የሚባለው ወንዛችን በመስከረም መጨረሻ ገና አይጎድልም። በዚያ ዘመን ከእኛ አጥቢያ ማዶ ለመሻገር ሁለት መንገድ ነበረ፤ ወይ ግማሽ ቀን ዞሮ በድልድዩ፣ ወይ እጅጉ በሚባለው ሰው ስልቻ።

እጅጉ ዋናተኛ ነው። ሁለት የፍየል ስልቻ በአፉ ይነፋል፣ አንገታቸውን በጠፍር ያስራል፣ ተሻጋሪውን በደረቱ ያስተኛበታል፤ ራሱ እየዋኘ ከኋላ ይገፋል። የተነፋውን ስልቻ ግን መጀመሪያ ወንዙ ውስጥ ይነክረዋል። ስልቻው ይላላል። ያን ጊዜ እንደገና ነፍቶ ያጠብቀዋል። ይህን ሳያደርግ ሰው አሻግሮ አያውቅም።

በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ተስፋው የሚባል ባለጸጋ የባልቴቷን የባንቺአየሁን ድንበር ገፋ ተብሎ ተከሰሰ። ምስክር አልተገኘም። ዳኛው «ማዶ ማርያም በር ላይ ይማል፤ ከማለ መሬቱ የእሱ ነው» ብለው ፈረዱ። እኔ፣ እንዳለው የምባለው፣ መሐላውን እንዳይ የተላክሁ ሽማግሌ ነበርሁ።

በቀጠሮው ቀን ማልጄ ወረድሁ። እጅጉ የእኔን ስልቻ ነክሮ፣ ደግሞ ነፋው። ሌላ ሁለት ስልቻ ግን ደረቅ እንደ ሆነ ነፍቶ ጥቁር ድንጋይ ላይ ለፀሐይ አሰጣው።

«ያንንስ ውሃ አታቀምሰውም?» አልሁት።

«እሱ የተስፋው ነው፣ አያ እንዳለው። ዛሬ ይጹም።»

ተሻገርሁ። ተስፋው ቀትር ላይ ነጭ ኩታውን ለብሶ መጣ። ስልቻውን በጥፊ ሲመታው እንደ ከበሮ ጮኸ። ደስ አለውና ተኛበት።

ወንዙን ሲያጋምሱ ስልቻው ይኮማተር ጀመር። ማዶ የቆምነው እኔ፣ ባንቺአየሁና የማርያሙ ቄስ አባ ወልደ ዮሐንስ ነን። ሁሉንም እንሰማለን።

«እጅጉ! አየሩ እየወጣ ነው!»

«ጠፍሩ እንደ ታሰረ ነው፣ ጌታው። ቀዳዳም የለው።»

«ታዲያ ምን ነካው?»

«ከብደውት ይሆናል።»

«ቁርስ እንኳ አልቀመስሁ!»

«ከቁርስ ሌላም የሚከብድ ነገር አለ ይባላል።»

ወደ ማዶው ዳር ሲቃረቡ ውሃው አገጩን ነካው።

«ገፍቻለሁ! ዐሥራ ሁለት ክንድ ገፍቻለሁ! በማርያም አውጣኝ!»

«እንግዲያ እግርዎን ይትከሉ» አለው እጅጉ።

ተከለ። ውሃው እስከ ወገቡ ነበር።

አባ ወልደ ዮሐንስ ፊታቸውን በጭራቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ተስፋው ዳር ላይ ኩታውን ሲጨምቅ ልቡ ተመለሰ። «በፍርሃት የለፈለፍሁት ነው። እምላለሁ» አለ።

«በሩ ክፍት ነው» አሉት አባ።

ሊነሣ ሲል ዓይኑ ስልቻዎቹ ላይ አረፈ። የጋለ ድንጋይ ላይ ተጥለው ነበር። ማንም አልነካቸው። ቀስ እያሉ አበጡ፤ ተወጠሩ፤ ጠፍሩ ሲጥ አለ።

ተስፋው መልሶ ቁጭ አለ።

«መሬቷን ትውሰድ» አለ።

«ለመመለሻዎ ስልቻው ይኸው ሞልቷል፣ ጌታው» አለው እጅጉ።

ተስፋው በድልድዩ ዞረ።

እሱ ከራቀ በኋላ እጅጉን «ምን አድርገህ ነው?» ብዬ ያዝሁት።

«አየር ሲሞቀው ይወፍራል፣ ሲበርደው ይከሳል» አለኝ። «ወንዙ ቀዝቃዛ ነው። እኔ ነክሬ የከሳውን ያህል እጨምርበታለሁ። ዛሬ አልጨመርሁም። ቀዳዳ የለውም ብዬዋለሁ፤ ዋሸሁ?»

አልዋሸም።

በማግስቱ ተስፋው የድንበሩን ድንጋይ በገዛ እጁ መለሰ። ገፍቶ ተክሎት ከነበረበት ጉድጓድ እስከ መለሰበት ድረስ በክንዴ ለካሁ። ዐሥራ ሦስት ሆነ። ባንቺአየሁ ዐይን ዐይኔን አየችኝ። ደግሜ አልለካሁም።