ለክላረንስ የተላኩ ሽማግሌዎች

ጴንጤ አይምልም ይባላል፤ እውነት ነው፣ አንምልም። እኔ ፋንታሁን ግን ለዚህ ታሪክ ስል መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጄን ጭኜ እምላለሁ፣ ፓስተራችን ከፈለጉ ይገሥጹኝ። ከዚህ በታች ካለው አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ እዚህ ሜልበርን፣ ሰንሻይን ዌስት ውስጥ ዓይኔን አታዩትም። ደሜ እስከ ዛሬ አልበረደም።

ነገሩ የጀመረው በጎረቤቴ በእትዬ አይሪን ነው። እትዬ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ሰማንያ ዓመት የሞላቸውን እንግሊዛዊት በስማቸው ብቻ መጥራት አፌ እምቢ ብሎኝ ነው። በልጅነታቸው፣ በዚያ በትልቁ ጦርነት ጊዜ፣ እንግሊዝ አገር እናታቸው ቤት አንድ አሜሪካዊ ወታደር ተመድቦ ይኖር ነበር። ክላረንስ ይባላል፤ ጥቁር ነው። ከእነሱ ጋር ይበላል፣ ከሰል ይሸከማል፣ ትንሿን አይሪን ትከሻው ላይ አድርጎ ትምህርት ቤት ያደርሳል። ነጮቹ በሚጠጡበት ቤት እንዳትጠጣ ብለው የገዛ አለቆቹ ሲከለክሉት፣ እናትየው ወጥ ቤታቸው አስቀምጠው "እዚህ ቤት የሚከለክልህ የለም" አሉት። ከዚያ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ፤ አልተመለሰም። የቀረው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ልጅቱ ትከሻው ላይ፣ እናትየው በሩ ላይ፣ ሦስቱም ይስቃሉ።

"እሱን የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ" አሉኝ እትዬ አይሪን። "እኔ ከሄድኩ እንዲህ የሚባል ሰው ነበረ የሚል የለም።"

በፈረንጆቹ 2015፣ ጦርነቱ ያለቀበት ሰባኛ ዓመት ሲታሰብ፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ የሚባል ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ። በእንግሊዝም እዚህ በሜልበርንም በየሰው ቤት ስለኖሩ የአሜሪካ ወታደሮች ነው። እትዬ አይሪን ፎቷቸውን ወስደው ሰጡ። ኃላፊዋ ምን ብትላቸው ጥሩ ነው? ግድግዳው ሞልቷል።

በምን ሞላ? ማስቲካ በሚያኝክ፣ ሴት አቅፎ በሚደንስ፣ ብስክሌት ላይ በተንፈላሰሰ ነጭ ወታደር። የአንዱ ውሻ ሳይቀር ለብቻው ፎቶ አለው። ለውሻ የተገኘ ቦታ ለክላረንስ ጠፋ። ይህን የሰማሁ ዕለት አናቴ ላይ ጀበና ቢጣድ ይፈላ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ኮምፕሌን ያደርጋል፣ ኢሜይል ይልካል። እኔ ግን የሰው ልጅ የሚገባው አንድ መንገድ ነው የማውቀው፤ ሽማግሌ ላክሁ። ጋሼ ሞቱማና ጋሼ ብርሀነ በቤተ ክርስቲያናችን ያላጋቡት ወጣት፣ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። በነሐሴ ብርድ ጋቢ አስለበስኳቸውና እትዬ አይሪንን ፊት አስቀምጬ መኪናዬን አስነሣሁ።

"ለመሆኑ ሴትዮዋን ለማን ልናጭ ነው?" አሉ ጋሼ ብርሀነ ከኋላ።

"ለክላረንስ።"

"ሞቷል አላልክም እንዴ?"

"ለዚያ እኮ ነው ራሱ ያልመጣው።"

ፍሪዌዩን በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። ፖሊስ አጠገቤ መጥቶ ፊቴን ሲያይ መንገድ ለቀቀልኝ። በሩ ላይ አወረድኳቸውና ፓርኪንግ ፍለጋ ዞርኩ። ተመልሼ ስገባ እትዬ አይሪን ከበሩ ገባ ብለው ቆመው ያለቅሳሉ። እንባቸውን ሳይ ዓይኔ ጨለመ። ግራ ቀኝ ሳልል፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች ወደያዘችው ኃላፊ ቢሮ ዘው አልኩ።

"ፕሊዝ፣ ተቀመጡ" አለች።

"አንቀመጥም" አልኳት። "የመጣበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ ሽማግሌ አይቀመጥም።"

ሮጣ ሄዳ ትራስ ያለው ወንበር አመጣች። "እኚህን ጀርባቸውን ያማቸዋል?" አለች ወደ ጋሼ ብርሀነ እያየች።

"ልባቸውን ነው የሚያማቸው።"

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ካንቤራ ፓርላማ ሰምቶት ቢሆን አንድ ሚኒስትር ወንበሩ ላይ አይገኝም ነበር። "ይህ ሰው ለእናንተ ሊሞት ባሕር ተሻግሯል" አልኳት። "በሕይወት ሳለ በዚህ በር አትግባ አላችሁት። ይኸው ሰባ ዓመት አለፈ፣ ዛሬ ደግሞ በፎቶውም አትግባ ትሉታላችሁ። ውሻው ይውረድና ሰውየው ቦታውን ያግኝ።" ሺህ ሰው በሩ ላይ ተሰብስቧል፣ ሽማግሌ ፈረንጆች ኮፍያቸውን አውልቀዋል። ሴትዮዋ ሶሪ ስትል ጠረጴዛው አብሯት ይንቀጠቀጣል።

በመጨረሻ እጄን ይዛ ወደ መግቢያው ወሰደችኝ። ክላረንስ ከነትከሻው፣ ከነሳቁ፣ ከሁሉ በሚበልጠው ቦታ ተሰቅሏል፤ መብራት ሁሉ በርቶለታል። ለካ እኔ ስናገር በጎን ሰው ልካ አሰቅላው ኖሯል። ፈርታ ነው። ግን አልማርኳትም፤ "ይህን ለማድረግ የእኔን ቁጣ መጠበቅ ነበረብሽ?" ብያት ወጣሁ።

ይህንኑ ባለፈው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሻይ ላይ ስተርክ ወጣቱ ሁሉ ከበበኝ። ከመዘምራኑ አንዷ፣ ሂዊ፣ ወደ ጋሼ ሞቱማ ዞር አለች።

"ጋሼ፣ እርስዎም ነበሩ አይደል? እንዲህ ነው የሆነው?"

ጋሼ ሞቱማ ሻያቸውን አስቀመጡ። አማርኛ የሚናገሩት ቃል በቃል እየመረጡ፣ ቀስ ብለው ነው።

"ፎቶው ስንገባም እዚያው ነበር" አሉ። "አይሪን ያለቀሱት እሱን አይተው ነው። ሴትዮዋ ፎቶውን በተቀበለች ማግስት ቦታ ፈልጋ ሰቅላዋለች። ፋንታሁን መኪና ሲያቆም ይህን ነገረችን፣ እኛም ልናመሰግናት ቢሮዋ ገባን።"

"ታዲያ ለምን አልተቀመጣችሁም?"

"ልንቀመጥ ስንል" አሉ ጋሼ ሞቱማ፣ "ፋንታሁን መጣና አንቀመጥም አለ።"