በመርፌ የተሰፋ የዋና ልብስ

ባለቤቴ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሕንፃ ጉሮሮ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ኖሮ፣ አንድ ቀን ጠዋት የጫማውን ክር እያሰረ ወደ ጎን መሄድ አማረኝ አለኝ። ገበያ መስሎኝ የሚገዛውን ልጽፍለት ወረቀት ፈለግኩ። ለካ እሱ ያማረው ባሕር ማዶ ነው። በአንድ ቀን ሁለት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ባሕር ሊዋኝ፣ ከውሃው ወጥቶ ዘጠና ኪሎ ሜትር ብስክሌት ሊነዳ፣ ከብስክሌቱ ወርዶ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ሊሮጥ። ሳያማክረኝ ተመዝግቦ ጨርሷል። በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ።

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ ነገረኛ ናት ይሉኛል፣ ውሸታቸውን አይደለም። ሦስት ቀን አኮረፍኩት። በአራተኛው ቀን የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ የዚያን አገር ካርታ ዘርግቶ እንደ ሕፃን አፍጥጦ ሳየው አንጀቴን በላው። ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ አጠገቡ ቆምኩ።

ከዚያ ወዲያ ጉዞው የእኔ ሥራ ሆነ። እሱ በማለዳ ገንዳ ይወርዳል፣ ከሥራ ሲመለስ ብስክሌቱን በተሰቀሉት መጋረጃዎች መሃል አስሮ ባለበት ይነዳል። እኔ የቪዛውን ወረቀት አሰናዳለሁ፣ አውሮፕላን የሚቀይርበትን ሰዓት አሰላለሁ፣ ብስክሌቱ ተፈታቶ የሚገባበትን ሳጥን እለካለሁ። ለመሪው ልብስ፣ ለሰንሰለቱ ልብስ፣ ለጎማዎቹ ገበር ያለው ከረጢት ሰፋሁ። እህቱ መጥታ ስታይ፣ ብስክሌት ልትድሪ ነው ወይ ብላ ሳቀችብኝ። አቅማችን የአንድ ሰው ቲኬት ስለነበረ እኔ አልሄድም። ከተጋባን ጀምሮ አንድም ቀን ተለያይተን አድረን አናውቅም። ይህቺን የመለያየት ነገር ግን ሁለታችንም አላነሣናትም፤ ሆድ ይፍጃት ብለን ተውናት።

በዚያ ሰሞን ለአንድ ሆቴል የታዘዝኩት መጋረጃ ሁሉ ሰማያዊ ነበር። ቤቱ ከጣሪያ እስከ ወለል ሰማያዊ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትገባበት ግድግዳው፣ ወንበሩ፣ የገዛ እጄ ሳይቀር የውሃ ቀለም ይይዛል። ነፋስ ሲመጣ ጨርቁ ቀስ ብሎ ይነፋል፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ከጀርባው የባለቤቴ ትንፋሽ ብቻ ይሰማኛል። የስፌት መኪናዬ ላይ እንዳለሁ እንቅልፍ ሸለብ ያደርገኛል። ከባሕር በታች ሲነዳ አየዋለሁ። ደወሉን ሲያቃጭል ዓሦቹ መንገድ ይለቁለታል። እጠራዋለሁ፤ ድምፄ አረፋ እየሆነ ወደ ላይ ይወጣል፣ እሱም አይሰማኝም። ስባንን አሁንም ከመጋረጃው ጀርባ እየነዳ ነው። ምን ሆንሽ ይለኛል፤ ምንም እለዋለሁ።

ባሕሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ያለ ላስቲክ የዋና ልብስ መግባት አይፈቀድም። ልብሱ ከገላ ከተጣበቀ የምትገባዋ ጥቂት ውሃ በገላ ሙቀት ትሞቃለች፤ ከላላ ግን ቀዝቃዛው ይመላለስበታል። የገንዳው አሠልጣኝ ያገለገለ ልብሱን ሰጠው። አሠልጣኙ ደንዳና ነው፤ የእኔው ደግሞ በልምምድ ብዛት ሸንበቆ አክሏል፣ ብብቱና ወገቡ ላይ ተንዘላዘለበት። አሠልጣኙ ላስቲክ የሚያውቅ ሰው ያጥብብልህ ብሎት ነበር። እኔ ነኝ ያልኩ ሰፊ እያለሁ ልብስ ደጅ ይላካል? ምን ቆርጦኝ! ቀጭኑን መርፌ ከጠንካራው ክር ጋር አዋድጄ፣ ከብብት እስከ ዳሌ ጥቅጥቅ አድርጌ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩበት። እንደዚያ ያማረ ስፌት በዕድሜዬ ሰፍቼ አላውቅም። ለብሶ መስታወት ፊት ሲቆም የገዛ ቆዳው መሰለ።

ሊበር ሁለት ሳምንት ሲቀረው እህቱ በመኪናዋ ከከተማ ውጭ ወዳለው ሐይቅ ወሰደችን። አንድ ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ ከጎኑ እንዲሄድ ለመንነውና እኔ ዳር ቆምኩ። ውሃው ላይ ስስ ጭጋግ ተኝቶበታል። የባለቤቴ ክንድ ብቅ ይላል፣ ይጠልቃል፣ ብቅ ይላል፣ ይጠልቃል። ልክ እንደዚያ ሕልሜ ነበር፤ እንዲያውም ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ለአፍታ ተምታታብኝ። ከዚያ ክንዱ ብቅ ማለቱን ተወ። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ሲጎትተው አየሁ።

ሲያመጣው ከንፈሩ ጠቁሮ ይንቀጠቀጣል። ስፌቴ ከብብት እስከ ዳሌ ተተርትሯል፤ የልብሱ ሁለት እግሮች ውሃ የሞላው ከረጢት ሆነዋል። ሽማግሌው ቅዳጁን በጣቱ ዳሰሰ።

«እህቴ፣ ላስቲክ እንዲህ በመርፌ አይወቀጥም። ቀዳዳ በቀዳዳ ላይ ሲደረደር እንደ ቴምብር ይቀደዳል» አለኝ።

ባለቤቴን ይዘን ቤት ገባን። ሻይ አቀረብኩለት፣ አልነካውም። ቀና አለና፣

«እንዳልሄድ ፈልገሽ ነው?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ ስለፋ፣ ለሰንሰለት እንኳ ልብስ የሰፋሁ ሴት! ላምባርቅበት አፌን ስከፍት ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የመታጠቢያ ቤት የፕላስቲክ መጋረጃ ስሰፋ ክሩን አራርቄ ነው የምሰፋው፤ መርፌ ከበዛበት ይቀደዳል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ታዲያ ለእሱ ለምን ጥቅጥቅ አደረግኩት?

«አላውቅም» አልኩት። «እጄ የሠራውን እኔ አላውቅም። እንድትሄድ ግን አልፈልግም። እዚያ ውሃ ውስጥ አንድ ነገር ብትሆን ማን በስምህ ይጠራሃል?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም። እሱ ግን አልተቆጣም። በሊፍት ጉድጓድ ጨለማ ውስጥ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ሲውል፣ አራቱ ግድግዳዎች ትከሻውን ሲነኩት፣ ሁልጊዜ የሚያስበው ያንን ባሕር እንደሆነ ነገረኝ። ግድግዳ የሌለው ነገር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ መግባት ነው የፈለገው። አንቺ ካልፈለግሽ ግን ይቀራል አለኝ። ከልቡ ነበር፤ ከቁጣም ከስድብም በላይ ያ ነው የጎዳኝ። ሌሊቱን ጣሪያ ሳይ አደርኩ።

በነጋታው ልብሱን ይዤ ጎማ ወደሚለጥፈው ጎሚስታ ሄድኩ። ስፌቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ እንጂ ክፉ አልተናገረኝም። ከተተረተረው የተረፈውን ያን ውብ ስፌት በገዛ እጄ ፈታሁት። ጎሚስታው እንዳሳየኝ ጫፉን ፋቅኩ፣ ማጣበቂያ ቀባሁ፣ እስኪጠነክር ጠበቅኩ፣ ጫፍ ለጫፍ ገጠምኩ፣ ከውስጥ በስስ ላስቲክ ደረብኩበት። ከዚያ እያንዳንዷን የመርፌ ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ጫፍ ደፈንኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሆዴ፣ አንዷን ቀዳዳ ብቻ ብትተያት አይሄድም፣ ማንም አያውቅብሽም እያለ ይጎተጉተኝ ነበር። አልተውኳትም።

ሐይቁ ጋ በተመለስን ቀን ጀልባው ውስጥ እኔም ገባሁ። ሽማግሌው ይቀዝፋል፣ ባለቤቴ ከጎናችን ይዋኛል፤ ከክንዱና ከመቅዘፊያው በቀር ድምፅ የለም። ርቀቱን ሙሉ ጨረሰው። መጥቶ የጀልባውን ጠርዝ ያዘና ጀርባውን ሰጠኝ። ዚፑን ትንሽ ዝቅ አድርጌ እጄን ከላስቲኩ ሥር አስገባሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ነበር የጠበቅኩት። ያገኘሁት ጥቂት ውሃ ነው፤ እሱም በገላው ሞቋል።

«ምን ይላል?» አለኝ ሳይዞር።

«ሞቋል» አልኩት።

ከእንግዲህ ከመሄድ የሚያስቀረው አንድም ነገር አልነበረም። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሽማግሌው የደስታ መስሎት መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አሳረፈና፣

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ እህቴ» አለኝ።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን» አልኩት።