ከማስተር ሽመክት ጀርባ

1.

«አንቺ ደግሞ ምን ልትሆኚ?»

ይህን ያለው ማስተር ሽመክት ነው፤ አዳማ፣ የድሮ እህል መጋዘን ውስጥ ካራቴ ያስተምራል። እልፍነሽ ለጥቁር ቀበቶ ልፈተን ብላ ጠይቃው ነበር።

«መሣሪያ የወንድ ነው። አንቺ አቀባይ ነሽ፤ ከኋላዬ ቁሚ።»

ቆመች። ስድስት ዓመት! እኔም ስሰማ ደሜ ፈልቷል፤ አንባቢዬ ግን ትንሽ ታገሥ።

2. መሣሪያዎቹ

棒 — ቦ። ዱላ ነው። የጃፓንኛ ፊደሉ ግራ ጎን «እንጨት» ይላል።

鎌 — ካማ። ማጭድ ነው። በግራው «ብረት» አለ።

釵 — ሳይ። ባለ ሦስት ጣት ብረት ነው፤ በግራው «ብረት» አለ። ስሙ ግን የሴት ጸጉር መሰኪያ ማለት ነው።

(የወንድ ነው አላለም እንዴ? እንለፈው።)

3. የክለቡ ደንብ

ወረቀት የለም።

«የመሣሪያ ስም በክንድ ነው የሚያዘው» ይላል ማስተሩ። ፊቱን ወደ ተማሪዎቹ አዙሮ ፊደሉን በጣቱ አየር ላይ ይጽፋል። እነሱም ቡጢና እርግጫ እንደሚማሩት ፊት ለፊት እያዩ ይከተሉታል፤ እጁ ወደሄደበት እጃቸውም ይሄዳል።

እልፍነሽ ከጀርባው ሆና በጣቷ ጭኗ ላይ ትጽፋለች። ጠዋት ደግሞ መጋዘኑን የምትከፍተው እሷ ናትና፣ ወንዶቹ እስኪመጡ በመሣሪያዎቹ ትለማመዳለች። ማን አይቷት!

4. ፈተና

ፈታኟ ማስተር ሚዶሪ ትባላለች። ከጃፓን መጥታ አሥር ዓመት እዚህ ስለኖረች አማርኛዋ አይታማም። ስሙን በወረቀት ያልጻፈ መሣሪያውን አይነካም አለች። አሥራ አንዱ ወንዶች ጻፉ።

ሚዶሪ፦ ይሄ ምንድን ነው?

አብዱልመናን (የክለቡ ጎበዝ)፦ ቦ። ዱላ።

ሚዶሪ፦ እንጨቱ በቀኝ በኩል ምን ይሠራል?

ወረቀቱን ገልብጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ከጀርባው በኩል በትክክል ተነበበ።

ሚዶሪ፦ ሁላችሁም በመስታወት እንደሚታይ ነው የጻፋችሁት! ማስተር፣ እጅዎ ልክ ነው፤ ያጠፋው አቋቋምዎ ነው። ከኋላዎ ቆሞ የተማረ የለም?

5.

አለች።

«እኔ አለሁ» አለች እልፍነሽ፤ ከማስተሩ ጀርባ ወጥታ ወረቀቱን ተቀበለች። ሦስቱንም ጻፈች። ሳይ ላይ ስትደርስ ትርጉሙን መጋዘኑ እስኪያስተጋባ ጮኻ ተናገረች። ከዚያ ሳዮቹን አነሣች፤ አብዱልመናን አፉን ከፍቶ ቀረ።

6. ውጤት

የተፈተኑ፦ 12

ያለፉ፦ 1

እሰይ!

(አዎ፣ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ጸሐፊ አይጮኽም ያለው ማነው?)

7.

በማግሥቱ ወንዶቹ ፊደሉን እንደ አዲስ ሊማሩ ተሰለፉ። እልፍነሽ ጥቁር ቀበቶዋን ታጥቃ ከፊታቸው ቆመች፤ ከዚያ ጀርባዋን ሰጠቻቸውና ጣቷን አነሣች። ደስታው አላስችል ብሏት ብቻዋን ትስቃለች።

ማስተር ሽመክት በሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔስ... የት ልቁም?»

8.

እልፍነሽ፦ ከኋላዬ ይቁሙ!