ኢንስፔክተር ሠረቀብርሃን በየካ አባዶ

እሁድ ከሰዓት የቴሌቪዥኑ የወንጀል ድራማ ሲጀምር የካ አባዶ ላይ ወፍ ዝር አይልም። መርማሪውን ኢንስፔክተር ሠረቀብርሃንን እንደኔ የሚያውቀው የለም፤ ደራሲውም ቢሆን ያጠራጥራል። እያንዳንዱን ክፍል ዘጠኝ ጊዜ አይቻለሁ። ሰውዬው ሽጉጥ አይመዝ፣ ተጠርጣሪ ላይ አይጮኽ። ጫማውን አውልቆ ይገባና «እዚህ ቤት ማንም የማይነካው ዕቃ የቱ ነው?» ይላል። ወንጀለኛው እዚያው ያልበዋል።

ባለፈው ወር የዕድራችን ትልቁ ድስት ጠፋ። የእንጦጦ ማርያምን የንግሥ እንግዳ ሁሉ አብልቶ የሚተርፈው ድስት ነው። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደሰንበትና ጥበቃው ባፈና ዘንድ ብቻ ነው። ዳኛ ራሱን አይጠረጥርም። ባፈና ከጎረቤታችን ከሐቢባ እህት ኒካህ ዕቃው ሁሉ ተመልሶ ገብቷል ብሎ ቢምልም የሰማው የለም፤ ዕቃውን የተዋሰችው ሐቢባ ደግሞ ከኒካሁ ማግስት ወራቤ ሄዳለች፤ የደወለላትም የለም። እስከ ቅዳሜ ድስቱ ካልተገኘ ባፈና ይሰናበት ተባለ። የሚኖረው ከነልጆቹ በግቢያችን በር ላይ ባለችው የጥበቃ ክፍል ስለሆነ፣ ሥራው ሄደ ማለት ጣሪያውም ሄደ ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰባት መቶ ሰው ፊት፣ ባፈና ቁልፉን ሊያስረክብ ከኪሱ አወጣ። እኔ ጫማዬን አውልቄ ዕቃ ቤት ገባሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?» አሉኝ ጋሽ ወልደሰንበት።

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ጋሼ።»

የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ድስቶች ጆሯቸው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ታስሮ በስተግራ ለብቻ ይቀመጣሉ። እኛ ክርስቲያኖቹ በአክብሮት አንነካቸውም። ድስቱን ስንፈልግም ወደዚያ ዞር ያለ አልነበረም። ሁለት መሆን ነበረባቸው። ቆጠርኳቸው፤ ሦስት ናቸው።

ሐቢባ የዚያን ዕለት ጠዋት ከወራቤ ገብታ ኖሮ አስጠራኋት። ለኒካሁ ድስት አንሷት ትልቁን አጥባ እንደሠራችበት፣ ስትመልሰው ከሌላው እንዳይቀላቀል ጨርቅ አስራ ከነሱ ጋር እንዳስቀመጠችው ነገረችን።

«አፉ በሉኝ» አለች፣ «የነገርኳችሁ መስሎኝ ነበር።»

ጋሽ ወልደሰንበት ኮፍያቸውን አወለቁ። ሚኒስትር ቢመጣ እንኳ አያወልቁትም።

«ባፈና፣ በድዬሃለሁ። ቁልፉን ወደ ኪስህ መልስ።»

መለሰው። ሚስቱ በሩ ላይ ጓዟን አስራ ቆማለች። ገመዱን መፍታት ጀመረች። ፍራሹን እኔ ነኝ ያስገባሁላት፤ በአንድ እጄ፣ ብቻዬን።