ያረደው ማን ነው

ክንዴ ነው ያረደው ይለኛል ማናጀሬ፣ እንደ ዋዛ፣ ጨው ጨምሪበት እንደሚል ሰው፣ ትሪው በሁለት እጄ እንዳለ ክው ብያለሁ፣ ጥብሱ ይጨሳል፣ እኔ ነኝ የጠበስኩት፣ በዚህ እጄ፣ ክንዴ? የሆቴሉ ዘበኛ ክንዴ እኮ ማተብ ያሰረ ክርስቲያን ነው፣ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ደግሞ የደባርቅና የዳባት ሙስሊም ነጋዴዎች፣ አጎቴ ሐጂ ጠይብ መሀላቸው፣ እጃቸውን እየታጠቡ ነው፣ ውሃው ሲንቆረቆር ይሰማኛል።

ሙስሊሙ አራጃችን ሳሊም ነበር የሚያርደው። ለነሱ ግብዣ ሲኖር ሁልጊዜ ሳሊም ነው፣ ቢላው የራሱ፣ ድስቱም ለብቻ፣ ዛሬ ሊማሊሞ ላይ ጉም ወርዶ መኪናው ቆመበት፣ ይቁም፣ ታዲያ አይነገረኝም? ሽሮ እሠራ ነበር፣ ምስር አለ፣ እንቁላል አለ፣ ማናጀሬ ግን ሥጋው ተከትፎ ሲመጣልኝ ጭጭ፣ አሁን ነው የሚነግረኝ፣ ያውም በሹክሹክታ፣ ማን ያውቃል ረህማ፣ ሥጋ ሥጋ ነው፣ እንግዶቹን ካስቀየምን የሆቴሉ ስም ይጠፋል፣ አንቺም እንጀራሽን አስቢ።

እንጀራዬን። ይሄ ሰው ነው እንዲህ የሚለኝ? ባሌ ጥሎኝ ሲሄድ፣ ሁሉም ፊት ሲነሳኝ ወጥ ቤት ያስገባኝ፣ በረመዳን ሳላፈጥር ሥራ የማያዘኝ፣ እሱ? ልቤ አልቀበልም አለኝ። ብናገር ነገ ሥራ የለኝም፣ የልጄ የኑራ ትምህርት ቤት፣ የቤት ኪራይ፣ ስንት ለፍቼ ያቆምኳት ኑሮ። ዝም ብል አጎቴ ቢስሚላህ ብለው ይጎርሳሉ፣ ከእኔ እጅ ስለሆነ ሳይጠይቁ ይጎርሳሉ። የተደናቀፍኩ መስዬ ትሪውን ልድፋው? ምን ዓይነት ብልጠት ነው፣ ነገም ቢደግመው፣ በየግብዣው ልደናቀፍ ነው?

ምን ቆመሻል፣ ግቢ እንጂ፣ ይለኛል።

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ድምፄ ደህና ነው፣ ይገርማል። ጋሼ ሰይፈ ሥላሴ፣ ሠርጌ ላይ አባቴ ያበላዎትን ሥጋ ማን ያረደው ይመስልዎታል?

ፊቱ አመድ ይመስላል። እጁ ወደ ማተቡ ይሄዳል። ማን ነው? ይላል፣ ረህማ፣ ያረደው ማን ነው? እንዲህ እንዳለ ልተወው እችላለሁ፣ ጥርጣሬውን ታቅፎ ይደር፣ እሰይ፣ እሱም ይቅመሳት፣ ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ አፍራለሁ፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ከንፈሩ ደርቋል።

ክርስቲያን ነው ያረደልዎ፣ እለዋለሁ፣ አባቴ ከአምቢኮ ድረስ አስመጥቶ፣ ድስቱም ለብቻ ነበር። ያን ቀንም እኮ ቢያታልልዎ ማንም አያውቅም ነበር፣ ጋሼ።

ከሥራ አባርሬሻለሁ ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም፣ ሳልጠብቀው በሩን እገፋለሁ፣ ባዶ እጄን፣ ነጋዴዎቹ ቀና ይላሉ፣ ምሳው ደረሰ ወይ ልጄ ይላሉ አጎቴ፣ አልደረሰም አጎቴ፣ እላለሁ፣ ሥጋውን አትጠብቁ፣ ያረደው ሙስሊም አይደለም።