እያጠረ የሄደው ከዘራ

ከዘራው ሲያጥርበት ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ "እርጅና ነው፣ ጎበጥኩ መሰለኝ" ብሎ ያልፈው ነበር። እኚህ ሽማግሌ ግን አርባ ዓመት በአናጢነት የኖሩ ሰው ናቸው። ሰፈርተኛው "ውሃልክ" የሚላቸውም የጎረቤት በር እንኳ ትንሽ ካዘመመ እንቅልፍ ስለሚነሳቸው ነው። ከዘራቸው ከእጃቸው በታች ዝቅ ሲልባቸው ሜትራቸውን ከኪሳቸው አወጡና ለኩት። ከወይራ እንጨት በገዛ እጃቸው ሲሠሩት ዘጠና አራት ሳንቲ ሜትር ነበር። አሁን ዘጠና ሦስት ሆኗል።

ጫፉ ላይ ያለውን ጎማ አወለቁት። እንጨቱ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጧል፤ በብርጭቆ ወረቀትም ተፈትጓል። ሊጥላቸው የፈለገ ሰው አለ ማለት ነው። ባለፈው ክረምት ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ በቤቱ አንድ ስምምነት አለ፤ ሁለተኛ ከወደቁ ፎቅ ላይ ያለችውን ክፍላቸውን ለቀው የአረጋውያን መኖሪያ ይገባሉ። ሐሳቡን ያመጣው አማቻቸው ነው። ምድር ቤት ባለው የእንጨት ሥራ ቤት ልጃቸው ትቆርጣለች፣ እሱ ቀለም ይቀባል። ሰሞኑን ደግሞ "አባባ፣ ደረጃው አልከበደዎትም?" ማለት አብዝቷል።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አሉ ለራሳቸው። ለልጃቸው እንዳይነግሯት፣ ባሏ ነው። የሆዳቸውን በሆዳቸው ይዘው ወደ ጎረቤታቸው ወደ ጡረተኛው መቶ አለቃ ሄዱ።

"ቤቴ ውስጥ ጠላት ገብቷል" አሉት። "በከዘራ ራስን መከላከል አስተምረኝ።"

መቶ አለቃው ምክንያቱን አልጠየቀም። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የሚታዘዝለት ሰው ሲመኝ የኖረ ነውና ጥያቄው በረከት ሆነለት።

"ከዘራን እንደ ዱላ ወደ ሰማይ አታንሳው፣ ይቀሙሃል። ጠላትህ ጫፉን ከያዘብህ ወደ ራስህ መንጭቅ፤ ሲለቅቅ የእጁን አንጓ በለው። ጭንቅላት እንዳትነካ፣ በስተርጅና እስር ቤት ያስገባሃል።"

በየጠዋቱ ግቢ ውስጥ ሲፋለሙ ያያቸው ሁሉ በሳቅ ሞተ። መቶ አለቃው አንድ የአበባ ማሰሮና የራሱን መነጽር ለትምህርቱ ሠዋ። ውሃልክ ግን አልሳቁም። በሳምንቱ ቢለኩት ከዘራው ዘጠና ሁለት ሆኗል።

ከእጃቸው የሚለየው ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ ብቻ ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ፤ ቆልማማውን እጀታ ብርድ ልብሱ ውስጥ ጨብጠው ጫፉን ወደ ውጭ ተዉት። ማንኮራፋትም ጀመሩ፤ ጆሯቸው ግን በሩ ላይ ነበር።

በሩ ሲጥ አለ። አንድ ሰው በጣቶቹ ቆሞ እየተራመደ መጣ። ከዘራው ቀስ ብሎ ተሳበ።

መነጨቁ። ዞሩ። ሳያዩ አንጓው ላይ አሳረፉት።

"ዋይ! አባዬ፣ እኔ ነኝ!"

ልጃቸው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ቀኝ እጇን ታቅፋለች። ከጆሮዋ ላይ የወደቀው የአናጢ እርሳስ አልጋው ሥር ተንከባለለ።

"አንቺ?" አሉ ከዘራውን ዝቅ አድርገው። "የምትጥይኝ አንቺ ነሽ?"

"ልጥልህ? እንዳትወድቅ ብዬ ነው እንጂ!" እያለቀሰች ተቆጣች። "ዳሌህን የምታክምህ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከዘራው ሦስት ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ትከሻህን እየሰቀለ ያንገዳግድሃል ብላለች። ለአንተ ልትነግርህ አፏን ብትከፍት 'ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው' ብለህ አባረርካት። እኔንስ ትሰማኝ ነበር? በየሳምንቱ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ቆረጥኩ፣ እንዳይታወቅህ። የዛሬዋ የመጨረሻዋ ነበረች።"

"እኔ ለክቼ ነው የሠራሁት!"

"ምን ተጫምተህ?"

ውሃልክ ወደ እግራቸው ተመለከቱ። አልጋው ሥር ያለችው ስስ ነጠላ ጫማ ናት። ከዘራውን የለኩት ግን ሥራ ቤት ቆመው፣ አርባ ዓመት ከእግራቸው ያልተለየውን ወፍራም የሥራ ቡት አድርገው ነበር። ሶሉ ሦስት ሳንቲ ሜትር ነው። አወቁት።

እንደዚያ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ እጅ በዚያ ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። አማቻቸው ቀለም እንጂ መጋዝ ይዞ አያውቅም። ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሰው እንጨቱን ለክተው የቆረጠውን እጅ ሳያዩት ቀሩ። አፈሩ። አንጓዋ ከመቅጽበት አብጦ ነበር።

አማቻቸው ጩኸት ሰምቶ ደረጃውን እየዘለለ ደረሰ። "ምንድን ነው? አባባ ወደቁ?"

ሽማግሌው እውነቱን ሊናገሩ ተነሡ። ልጃቸው ቀደመቻቸው።

"እኔ ነኝ የወደቅሁት" አለች ዓይኑን ሳታይ። "ምንጣፉ አዳልጦኝ ነው።"

አጥንቷ ተሰንጥቆ ነበርና ሐኪሙ እስከ ክርኗ በጄሶ አሰረላት። ለስድስት ሳምንት መጋዝ መያዝ የለም።

በማግስቱ ውሃልክ ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ አንድ እጃቸው መደገፊያው ላይ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወደ ሥራ ቤቱ ወረዱ። ሰው ነክቶት የማያውቀውን ሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በግራ እጇ ላይ አኖሩት።

"ከዘራውን እኔ እቆርጠዋለሁ" አሉ። "ልኩን ግን አንቺ ውሰጂ።"

ተንበርክካ የሜትሩን ጫፍ በጉልበቷ ወለሉ ላይ ያዘችው፤ ሌላውን ጫፍ የከዘራ ልክ እስከሆነው እስከ እጃቸው አንጓ ሳበች።

"ቀጥ በል፣ አባዬ" አለች።

ቀጥ አሉ።