የታጠኑት ጠርሙሶች

«እማዬ፣ ውሃው ላይ ምን አደረግሽበት?» አለችኝ ልጄ ጊፍቲ።

ጊፍቲ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ዶክተር ሣራ ዘንድ ትሠራ ነበር። ሥራቸው ውሃ ውስጥ የተበተኑትን ጀርሞች በኤሌክትሪክ መሰብሰብ ነው። ውሃውን ከፀጉር በቀጠኑ ሽቦዎች መሃል ያሳልፉታል፤ መብራቱ ሲለቀቅ ጀርሞቹ ወደ ሽቦው ጠርዝ ተስበው እዚያው ይያዛሉ። በአጉሊ መነጽር ይታያሉ።

ሣራ «የኔ ልጅ» ትላታለች። ይህ ቃል ያንገበግበኛል። ጊፍቲ ሳቋ ሳይቀር የሣራን መስሏል። ከጎልማሶች ትምህርት ቤት መጥቼ «ይህን አስነብቢኝ» ስላት «ነገ፣ እማዬ» ትለኛለች፤ ሣራ ስትደውል ግን ምግቧን ትታ ትነሳለች።

ሣራ በመስከረም ወደ ጅማ ልትዛወር ነው። ከጊፍቲና ከሥራ ባልደረባዋ ከለይኩን፣ ሙከራው የሠመረለትን ይዛ ትሄዳለች።

ጊፍቲ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ካለው ምንጭ ሦስት ጠርሙስ እንድቀዳላት ጠየቀችኝ። «ለሣራ ነው» ስትለኝ እልህ ያዘኝ። ያልታጠነ ዕቃ ለእንግዳ አይቀርብም ብዬ ጠርሙሶቹን በወይራ ጢስ አጠንኳቸው። ሣራ ቀምሳ «የማን እጅ ነው?» እንድትል ፈልጌ ነበር። እንደማትጠጣው እንኳ አላሰብኩም።

ውሃው አድሮ ሲታይ ሽቦው ላይ አንድም ጀርም አልተያዘም። ጊፍቲ «ምን አደረግሽበት?» ያለችኝ ያኔ ነው። ጀርሞቹን ያጠፋው ጢሱ መሆኑ ገባኝ። ግን ካልሠመረላት ከእኔ ጋር ትቀራለች። ስለ ጢሱ አልነገርኳትም።

ሁለት ቀን ሙሉ ሽቦውን ስታጥብና ስትፈትሽ ዋለች። በሦስተኛው ቀን «እማዬ፣ እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም መሰለኝ» አለችኝ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነብኝ።

በማግስቱ ሣራ ወደምትኖርበት ሲ.ኤም.ሲ ወረድኩና በሯን አንኳኳሁ።

«እናቴ! በደኅና ነው?»

«ጠርሙሶቹን አጥኛቸው ነበር።»

«ምን አሉኝ?»

«በወይራ። ለእርስዎ ብዬ።»

ሣራ በሩን ይዛ እስክታነባ ሳቀች። «እኔ ደግሞ መብራቱን ስረግም! ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አሉ?»

«እንዳይወስዱብኝ።»

ሳቋን አቆመች። ጎንበስ ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ደግ መሆኗ ይበልጥ አናደደኝ።

ጊፍቲ ውሃውን ራሷ ቀድታ ደገመችው። እኔንም ጠርታ አሳየችኝ፤ ጀርሞቹ መገናኛ ላይ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሕዝብ ሽቦው ዳር ተኮልኩለዋል። «አየሽ እማዬ?» አለችኝ። ሳቋ ያው የሣራ ሳቅ ነው።

በመስከረም ሣራና ጊፍቲ ጅማ ሄዱ። ለይኩንና እኔ ቀረን።